ድቅል ዶሮን እንዴት እንለያለን? የላባው ቀለምስ ከማን ይመጣል?

በዓል ሲደርስ ገበያ ላይ ያለ ቀይ ዶሮ ሁሉ «ንጹህ ሐበሻ» ይባላል። ከእርባታ ድርጅት የሚወጣው የውጭ ዝርያ ሳሶም ቀይ ነው። ቦቫንስ ብራውንም ቀይ ናት። ከሐበሻ አውራ የተገኙ ልጆቿም ቀይ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ቀለሙን ለጊዜው ተዉትና ዶሮውን በእጃችሁ አንሱት።

የሐበሻ ዶሮ ቀለል ይላል። ቅልጥሙ ቀጭን ነው፤ ሲይዙትም ይፈራገጣል። ሳሶ የገባበት ደረቱ ሰፋ፣ እግሩ ደንደን ያለ ነው።

ቀጥሎ ራሱን እዩ። ከእርባታ ድርጅት የሚወጡት ሳሶ፣ ቦቫንስና ኮኮክ ራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነጠላ ነው። ድርብ ደግሞ ነጠላን ይጫናል፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይታያል። ስለዚህ ድርብ ዶሮ በአንድ በኩል የሐበሻ ደም አለበት ማለት ይቻላል። በሌላው በኩል ምን እንዳለ ግን አይነግራችሁም። ሻጩ «ድርብ ነው እኮ!» ሲላችሁ ይህን አስታውሱ። አንገተ መላጣ ከሆነ አንገቱ ሥር ከፊት ለፊት እዩ። እዚያ ጋ ትንሽ የላባ ቁንጥር ከቀረችው መላጣነቱን የወረሰው ከአንድ ወላጅ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቀለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

አውራ ዶሮ ሁለት «ዜድ» ክሮሞሶም (ዘረ መል የሚሸከም ክር) አለው። ሴቷ አንድ «ዜድ» እና አንድ «ደብልዩ» አላት። እናት ዜዷን የምትሰጠው ለወንድ ልጆቿ ብቻ ነው። ሴት ጫጩት ዜዷን የምታገኘው ከአባቷ ብቻ ነው። በኮኮክ ላባ ላይ ያለውን አግድም ጥቁርና ነጭ መስመር የሚያወጣው ዘረ መል ደግሞ ያለው ይኸው ዜድ ላይ ነው። እሱም ተጫኝ ነው፤ አንድ ከተገኘ መስመሩ ይወጣል።

ስለዚህ ኮኮክ ሴትን መስመር ከሌለው ጥቁር አውራ ጋር ብታዳቅሉ ወንዶቹ ሁሉ ባለመስመር ይሆናሉ፤ ቄቦቹ ግን አይሆኑም። ይህ ገና በተፈለፈሉ ቀን ይታወቃል፦ ጥቁር ጫጩት ሆኖ አናቱ ላይ ነጣ ያለ ነጥብ ካለው ወንድ ነው። ነጥብ የሌላት ቄብ ናት።

ገልብጣችሁ ኮኮክ አውራ በጥቁር ሴት ላይ ካደረጋችሁ ግን ሁሉም ባለመስመር ሆነው ቁጭ ይላሉ። ነጥቡም ጾታ አይለይም። ብዙዎች የተሻሻለ አውራ መግዛት ስለሚቀናቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ከዚያ «ኧረ ነጥቡ ውሸት ነው» ይላሉ።

ነጭ አውራ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ነጭ ሌግሆርን የሚባለው ዝርያ ነጭነቱ መጋረጃ ነው፤ ከሥሩ ብዙ ጊዜ ይህንኑ የመስመር ዘረ መል ደብቆ ይይዛል። ደቡብ አፍሪካ፣ ፖችፍስትሩም ላይ የተገኘው ኮኮክ ራሱ ከመነሻዎቹ መካከል ጥቁር አውስትራሎርፕ የሚባል ዝርያና ነጭ ሌግሆርን አሉ። ቀይ አውራም ቢሆን ጫጩቱ ፈዘዝ ያለ ቀለም ይዞ ከወጣ ነጥቡ በደንብ አይታይም።

ያደገ ባለመስመር አውራ ሲያጋጥማችሁስ? ንጹህ ኮኮክ አውራ ሁለቱም ዜዱ ላይ ዘረ መሉ ስላለ ከሴቷ ይነጣል። አውራው እንደ ሴቷ ጠቆር ካለ አንዱ ወላጁ ብቻ ነው ባለመስመር፤ ማለትም ድቅል ነው። ላባ ነቅላችሁ እዩ። መስመሩ ከጫፍ እስከ ሥር እየተፈራረቀ ካልሄደ፣ ተራ ገብስማ ሊሆን ይችላል። ገብስማ ሁሉ ኮኮክ አይደለም።

የምታስታቅፉትን እንቁላል መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት ኮኮክ ሴቷን ከሌላ አውራ ቢያንስ 3 ሳምንት ለዩዋት። የአውራ ዘር በሆዷ ውስጥ ከ2 ሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል። የጎረቤት አውራ አጥር ዘሎ ከገባ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። እንቁላሉን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ለጥቂት እንቁላል ኢንኩቤተር (የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን) መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሊበላሽ ይችላል። የምትታቀፍ ሐበሻ ዶሮ ፈልጉ፤ በ21 ቀን ትጨርስላችኋለች።

በዚህ መንገድ ያገኛችሁትን ባለመስመር ድቅል አውራ ግን ለዘር አታስቀሩት። መስመሩን የያዘው አንዱ ዜዱ ብቻ ነው። ከጥቁር ሴት ጋር ቢገናኝ ግማሽ ያህሉ ጫጩት ባለመስመር፣ ግማሹ ያለመስመር ይሆናል፤ ወንዱም ሴቱም ተቀላቅሎ። ኮኮክ ሴቶቻችሁንና ጥቁሩን አውራ ያዙ፤ ድቅሉን ለበዓል እረዱት።