ክንድ ውስጥ የተቀበረ የወሊድ መከላከያን ከቀጠሮው ቀን በፊት እንዴት ማስወጣት ይቻላል?

ከእነዚህ ክንድ ውስጥ ከሚቀበሩ መከላከያዎች ኢምፕላኖን የሚባለው 3 ዓመት፣ ጃዴል የሚባለው 5 ዓመት ያገለግላል። በካርድሽ ላይ የተጻፈው ቀን መድኃኒቱ ከዚያ በላይ እንዳይቆይ የሚያሳስብ ነው እንጂ እስከዚያ ድረስ አይወጣም ማለት አይደለም። ልጅ ብትፈልጊ፣ ደም ቢያስቸግርሽ ወይም እንዲሁ ባትፈልጊው፣ በተቀበረ በስድስት ወሩም ቢሆን ማስወጣት ትችያለሽ። የባል ፈቃድ አያስፈልግም።

መጀመሪያ የት እንደምትሄጂ እወቂ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኢምፕላኖንን በየቀበሌው የሚቀብሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ማውጣቱ ግን በአብዛኛው የጤና ጣቢያ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ብዙ ሴቶች ጤና ኬላ ሄደው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት በዚህ የተነሳ ነው። የሚያወጣው ባለሙያ በየትኛው ቀን እንደሚገባ አስቀድመሽ አስጠይቂና በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂጂ። በመንግሥት ጤና ተቋም የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ነጻ ነው።

ቤት ሳለሽ ክንድሽን ዳብሺ። ኢምፕላኖን 4 ሳንቲሜትር ርዝመትና 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ዘንግ ነው፤ ሲነካ እንደ ክብሪት እንጨት ነው። ጃዴል ሁለት ዘንግ አለው። ካልተዳበሰሽ ገና ስትገቢ ተናገሪ። ያለበት ቦታ በአልትራሳውንድ ሳይታወቅ ማንም ሰው ክንድሽን መቅደድ የለበትም፤ በግምት የሚደረግ ፍለጋ ነርቭና ደም ሥር ይጎዳል።

የመጣሽበትን ጉዳይ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገሪ። «ዛሬ እንዲወጣልኝ ነው የመጣሁት» በይ። «ደም አስቸገረኝ» ብለሽ ከጀመርሽ ጉዳይሽ እንደ ሕመም ይታያል፤ አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ታዞልሽ ትመለሻለሽ። ሕክምናውን ሞክረሽ መቆየት ከፈለግሽ ደግ ነው፤ ካልፈለግሽ ግን የማስወጫ ቅድመ ሁኔታ ሊሆንብሽ አይገባም።

«ገና ጊዜው አልደረሰም»፣ «መድኃኒቱ ውድ ነው»፣ «ባልሽን ይዘሽ ነይ» የሚሉት ለመከልከል በቂ ምክንያት አይደሉም። ዘንጉ ካልተዳበሰ፣ ቦታው ካመረቀዘ ወይም የሠለጠነ ባለሙያና ንጹሕ መሣሪያ ከሌለ ግን ማውጣቱን ለሌላ ጊዜ ማቆየቱ ተገቢ ነው። ያኔም ወዴትና መቼ እንደምትሄጂ የተጻፈበት የሪፈር ወረቀት ተቀበይ። ከዚህ ውጭ እንቢ ካሉሽ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አነጋግሪ፤ ካልሆነ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሂጂ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ለሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ መረጃና አቅም የማግኘት መብት ይሰጣል። እኛ እንደምናምነው ማስቆም የማይቻል ምርጫ ምርጫ አይባልም።

ሲወጣ ምን ይደረጋል? ጀርባሽ ላይ ተኝተሽ ክንድሽን ታጥፊያለሽ። ባለሙያው ቦታውን አጽድቶ የዘንጉን የብብት በኩል ጫፍ ሲጫን፣ የክርን በኩሉ ጫፍ ብቅ ይላል። ከዚያ ጫፍ ሥር 1 ሚሊ ሊትር ያህል ሊዶኬይን የተባለ ማደንዘዣ ይወጋል። ማደንዘዣው ከዘንጉ በላይ ከተወጋ ቆዳው ያብጥና ዘንጉ ይደበቃል፤ ቀላሉ ሥራ የሚከብደው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ 2 ሚሊሜትር ያህል ይሰነጠቅና ዘንጉ እየተገፋ ይወጣል። መገፋቱ ይሰማሻል፤ ሕመም ከተሰማሽ ግን ማደንዘዣ እንዲጨመርልሽ ጠይቂ። ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል።

የወጣውን አሳዩኝ በይ። የኢምፕላኖን ዘንግ ሙሉ 4 ሳንቲሜትር መሆኑን፣ ጃዴል ከሆነ ሁለቱም መውጣታቸውን በዓይንሽ እይ። ተሰብሮ ቁራጭ ከቀረ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ጠበቅ ያለው ፋሻ 24 ሰዓት፣ ትንሿ ፕላስተር ከ3 እስከ 5 ቀን ትቆያለች። ቦታውን ውኃ አታስነኪው። መግል፣ ትኩሳት ወይም የጣት መደንዘዝ ካየሽ ተመለሺ።

የኢምፕላኖን ሆርሞን ከደም የሚጠፋው በሳምንት ውስጥ ነው። ስለዚህ ማርገዝ የማትፈልጊ ከሆነ ሌላ መከላከያ በዚያው ቀን ጀምሪ። በምላጭ ራስሽ ለማውጣት ግን ፈጽሞ አትሞክሪ።

መከላከያሽ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ) ወይም ዲፖ (በመርፌ የሚሰጥ) ከሆነስ? ሉፕ ክሩ ተይዞ ቀስ ተብሎ ሲሳብ ይወጣል፤ ማደንዘዣም አይፈልግ። ማርገዝ ካልፈለግሽ ከማስወጣትሽ በፊት ባሉት 7 ቀናት ኮንዶም ተጠቀሚ፤ የቀደመው ግንኙነት ሊያስረግዝ ይችላልና። ዲፖ ግን አንዴ ከተወጋ አይወጣም። የምትችዪው ቀጣዩን መርፌ አለመወጋት ብቻ ነው፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እርግዝና እስኪመጣ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል። በቅርቡ መውለድ ካሰብሽ ይህን ሳትወጊ በፊት ለነርሷ ንገሪያት።