«ስንት ዩኒት ልውጋ?» ከማለታችሁ በፊት

የምሠራው ዋሽንግተን አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ድሮ የአገሬ ልጆች ሲደክማቸው የሚጠይቁኝ ስለ ቫይታሚን ነበር። አሁን ከቦርሳቸው የፔፕታይድ ዱቄት ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ያወጡና (ፔፕታይድ ማለት አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው፤ አሚኖ አሲድ ፕሮቲን የሚሠራበት ነው) «ለጉልበት ጥሩ ነው ብለውኝ ነው፤ ስንት ዩኒት ልውጋ?» ይሉኛል። ብልቃጡ ላይ ለምርምር እንጂ ለሰው እንዳልሆነ ተጽፎበታል።

የመጀመሪያው ስህተት ድካሙ ከምን እንደመጣ ሳያውቁ መወጋት ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት የምትሠራ አንዲት እህት ብልቃጧን በሶፍት ጠቅልላ አመጣችልኝ። ከንፈሯ ነጥቷል፤ ከመኪናዋ እስከ በሩ ተራምዳ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። «እህቴ፣ ደምሽን ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «ኧረ እኔን ያደከመኝ ሥራው ነው» አለችኝ። ለምኜ ሐኪም ጋ ላክኋት። ኦክስጅን የሚያመላልሰው የደም ክፍል፣ ሄሞግሎቢኗ፣ 8 ሆኖ ተገኘ፤ ለሴት ከ12 ሲወርድ ደም ማነስ ይባላል። የወር አበባዋ ስለሚበዛባት አይረኗ አልቆ ነበር። ያንን የሚተካ ፔፕታይድ የለም። ታይሮይድ፣ ስኳር፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ ድብርትም ያደክማሉ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የወሰደ፣ በዚያ ላይ አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም ሰው ደግሞ ቢ12 ይታይለት።

የጓደኛን ዩኒት መቅዳት ግን ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል። ዩኒት የምትሉት እኮ የኢንሱሊን መርፌው ላይ ያለ መስመር ነው፤ 100 ዩኒት 1 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በዚያ ውስጥ ስንት መድኃኒት እንዳለ የሚወስነው ዱቄቱ የተበጠበጠበት ውኃ ነው። 5 ሚሊ ግራም ዱቄት በ2 ሚሊ ሊትር የበጠበጠ ሰው 10 ዩኒት ሲወጋ 0.25 ሚሊ ግራም ይወስዳል። በ1 ሚሊ ሊትር የበጠበጠው በዚያው መስመር ላይ 0.5 ይወስዳል፤ እጥፍ! እሱም ብልቃጡ ውስጥ በእርግጥ 5 ካለ ነው። ማን መዘነው? ንጹሕ መሆኑንስ ማን አየው? ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ወንድም ሲጠይቀኝ፣ ለምን እንደፈለገው እንኳ ሳልጠይቅ አስልቼ ነግሬዋለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ፔፕታይድ የሰውነታችን የራሱ ነገር ነው፤ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። ኢንሱሊንም 51 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ ነው፤ ሲበዛ ይገድላል። ሲጄሲ-1295 እና አይፓሞሬሊን የሚባሉት ፔፕታይዶች የዕድገት ሆርሞን እንዲለቀቅ ያደርጋሉ፤ ያ ሆርሞን ደግሞ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ስኳር ያለባችሁ፣ እባካችሁ።

የአይጥ ውጤት የሰው መስሎ ሲነገራችሁም ጠይቁ። ሞትስ-ሲ የሚባለው ፔፕታይድ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲታወቅ ያ ሁሉ ተስፋ የተሰጠበት ውጤት የታየው በአይጦች ላይ ነው። ኤላሚፕሬታይድ (ኤስኤስ-31ም ይባላል) የተባለው ፔፕታይድ በ2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ የተፈቀደው ባርዝ ሲንድሮም ለሚባል እጅግ ብርቅ የዘር በሽታ እንጂ ሁለት ሥራ ለሚያደክመው ሰው አይደለም።

ሴሎቻችን ጉልበት ለማመንጨት የሚጠቀሙበት ኤንኤዲ የሚባለው ነገር ደግሞ ጭራሽ ፔፕታይድ አይደለም።

ሯጮች፦ የዕድገት ሆርሞን የሚያስለቅቁት ፔፕታይዶች በውድድር ጊዜም ከውድድር ውጪም የተከለከሉ ናቸው።

ከተወጋችሁ በኋላ ደግሞ ከሐኪም አትደብቁ። ያቺ እህት እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት ሁለቴ ተወግታ ነበር፤ አፍራ ልትተወው ስትል ብልቃጡን ይዛ እንድትገባ ነገርኳት፤ ሐኪሟም ስሙን ከላዩ ላይ አንብቦ መዝገቧ ላይ ጻፈው።