ከኢትዮጵያ ሆነው ክሊኒካል ትራያል እንዴት ያስመዘግባሉ?

መድኃኒት ካልሰጠን ጥናታችን ክሊኒካል ትራያል አይመስለንም። ነው እንጂ! በዓለም ጤና ድርጅት አተረጓጎም ተመራማሪው ሰዎችን መድቦ ጤና ነክ የሆነ ነገር ካደረገላቸውና ለውጡን ከተከታተለ ትራያል ነው። በጅማ ወይም በጎንደር ለግማሾቹ እናቶች የጡት ማጥባት ምክር ሰጥቶ ከሌሎቹ ጋር የሚያወዳድር የማስተርስ ተማሪም ጥናቱን ማስመዝገብ፣ ማለትም ዕቅዱን ማንም ሊያየው በሚችል የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት። መጠይቅ ብቻ ለሚያስሞላ ወይም የታካሚ ካርድ ለሚያገላብጥ ግን ይህ አይመለከተውም።

ትራያል መሆኑን ካረጋገጡ ጊዜ አይስጡት። ምዝገባው የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመግባቱ በፊት ማለቅ አለበት። የዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ አባል የሆኑ መጽሔቶች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ግዴታ አድርገዋል። ብዙ ሰው የሚነቃው ግን ጽሑፉን ለመጽሔት ሲልክ ነው። ያኔ ቢያስመዘግቡም የተመዘገበበትና የመጀመሪያው ተሳታፊ የገባበት ቀን መዝገቡ ላይ ጎን ለጎን ስለሚታዩ መዘግየቱን መደበቅ አይቻልም።

ቀጥሎ መዝገብ ይምረጡ። ለእኛ የሚቀርበው ደቡብ አፍሪካ ያለው የፓን አፍሪካ ክሊኒካል ትራያል መዝገብ ነው። በ2007 ለኤችአይቪ፣ ለቲቢና ለወባ ጥናቶች ተጀምሮ በኋላ ለሁሉም በሽታ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 ጀምሮ እውቅና ሰጥቶታል። ክፍያ የለውም። የአሜሪካው ክሊኒካልትራያልስ ዶት ገቭም ነጻ ነው። የሚያስከፍሉ መዝገቦችም አሉ፤ የዶላርን ነገር እያወቅን እዚያ መሄድ አያስፈልግም።

ከዚያ ወረቀቶቹን ይሰብስቡ፦ ፕሮቶኮል (የጥናቱ ዝርዝር ዕቅድ)፣ የኢቲክስ ኮሚቴ (የጥናቱን ሥነ ምግባር የሚገመግመው ኮሚቴ) የፈቃድ ደብዳቤ፣ የስፖንሰሩ (ለጥናቱ ኃላፊነት የሚወስደው አካል) ስምና አድራሻ። መድኃኒት ወይም ክትባት ካለበት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም ያስፈልጋል። እዚህ ጋ ቀን ያሳስታል። ደብዳቤው ላይ 12/03/2016 ዓ.ም. ካለ ፎርሙ ላይ የሚሞላው ኖቬምበር 22 ቀን 2023 ነው። እንዳለ ከገለበጡት ጥናቱ ከሰባት ዓመት በፊት የተፈቀደ ይመስላል።

ፎርሙን በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ አይጀምሩት። መልሱን መጀመሪያ ወርድ ላይ ጽፈው ያስቀምጡ፤ መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቆራረጥ ሥራዎ አይጠፋም።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ራስ የሚያዞረው ዋናውን ውጤት የሚጠይቀው ነው። «የደም ግፊት መሻሻል» ብሎ መጻፍ ምንም አልጻፉም ማለት ነው። ምን ተለካ? በምን? መቼ? «በ12ኛው ሳምንት፣ ታካሚው ተቀምጦ በዲጂታል መሣሪያ የተለካ የላይኛው የደም ግፊት፣ ከመነሻው ጋር ያለው ልዩነት በሚሊሜትር ሜርኩሪ» ሲባል ነው ነገሩ ቁም ነገር የሚሆነው። የምዝገባው ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። ግፊቱ አልቀነስ ሲል «እኛ እኮ የፈለግነው እንቅልፍን ነበር» ማለት አይቻልም። የናሙና ብዛቱም ፕሮቶኮሉ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን።

ከላኩ በኋላ የመዝገቡ ሠራተኞች ያልገባቸውን ይጠይቃሉ። ቶሎ ይመልሱላቸው። ሲያልቅ የምዝገባ ቁጥር ይሰጥዎታል፤ መጽሔት ላይ ሲያወጡ በአብስትራክቱ (በጽሑፉ አጭር ማጠቃለያ) መጨረሻ ያስገቡታል።

ቁጥሩ ተገኘ ብለው ገጹን አይርሱት። ተሳታፊ መቀበል ሲያቆሙ ወይም ፕሮቶኮሉ ሲቀየር ያድሱት። የዓለም ጤና ድርጅት ዋናው መረጃ ተሰብስቦ ባለቀ በ12 ወር ውስጥ ውጤቱ መዝገቡ ላይ እንዲወጣ ይጠይቃል። ለዚህ ሁሉ ወደ አካውንትዎ መግባት ስላለብዎት፣ ሲመዘገቡ ከተመረቁ በኋላ ሊዘጋ የሚችል የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ብቻ አይስጡ። የአማካሪዎንም ይጨምሩበት።