ኩባንያውን መርጣችሁ መርከቡን ስትረሱ

«ለቤተሰብ የሚሆን ጥሩ የክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ኩባንያ የቱ ነው?» ይሉኛል ጉዞ የምይዝላቸው ሰዎች። ስህተቱ ከዚሁ ይጀምራል። ልጆቻችሁ የሚያድሩት መርከብ ውስጥ እንጂ ኩባንያ ውስጥ አይደለም! የሮያል ካሪቢያኑ አይከን ኦፍ ዘ ሲስ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረ፣ 20 ፎቅ፣ 6 የውሃ ሸርተቴና 7 መዋኛ ያለው ተንሳፋፊ ከተማ ነው። የዚያው ኩባንያ ግራንደር ኦፍ ዘ ሲስ ደግሞ የ1996 ሥሪት ነው፤ በግዝፈቱ የአይከንን ሲሶ አይሞላም። ትንሽ መርከብ ነውር የለበትም፤ ጸጥታ ለሚወድ እንዲያውም እሱ ይሻላል። ግን አንዱን አይቶ ሌላው ላይ መሳፈር ምን ይሉታል?

አንድ ደንበኛዬ ይህንኑ አደረገ። ኩባንያው ሌላ ነው፣ ነገሩ ግን ያው። በላከልኝ የድምፅ መልእክት ውስጥ ልጁ ከኋላ «አባዬ፣ ሸርተቴው የታለ?» ይላል። የላይኛውን ፎቅ ሦስት ጊዜ ዞረውታል። የመርከቡን ስም፣ የተሠራበትንና የታደሰበትን ዓመት ሳታውቁ ቀብድ አትክፈሉ።

ቀጥሎ ዕድሜ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች 6 ወር ያልሞላው ሕፃን አያሳፍሩም፤ ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ጉዞ 12 ወር ይጠይቃሉ። የልጆች ክበብ በአብዛኛው የሚቀበለው 3 ዓመት የሞላውን፣ ያውም ዳይፐር የተወውን ነው። ካርኒቫል ከ2 ዓመት ጀምሮ ይቀበላል፤ ዲስኒ በክፍያ ከ6 ወር ጀምሮ የሕፃናት ማቆያ አለው። ዳይፐር ያልተወ ልጅ፣ የመዋኛ ዳይፐር ቢያደርግም፣ ዋናው መዋኛ ውስጥ አይገባም፤ ይህን መርከቡ ላይ የሚሰሙ ወላጆች ብዙ ናቸው። ቨርጂን ቮዬጅስና ቫይኪንግ ከ18 ዓመት በታች ጭራሽ አይወስዱም። እናትየው ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ጉዞው ሳያልቅ 24ኛ ሳምንቷን የምትይዝ ከሆነ አብዛኞቹ አያሳፍሯትም።

ዋጋው ላይ አጭር ልሁን። የአሜሪካ ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ ቲፕ የሚያስቡት በቀን፣ በነፍስ ወከፍ ነው፤ ልጅም ይቆጠራል። በቀን 16 ዶላር ብትሉት ለአራት ሰው በሳምንት 448 ዶላር ይመጣል። ዋይፋይ፣ ለስላሳና ወደብ ላይ የሚደረግ ጉብኝት ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው።

አምስት ሆናችሁ የአራት ሰው ካቢን (የመርከብ መኝታ ክፍል) አትያዙ፤ «አንዱ ከእኛ ጋር ይተኛል» አይሠራም። ሆዱን ባሕር የሚያናውጠው ልጅ ካላችሁ ከመርከቡ መሐል፣ ከታችኞቹ ፎቆች ያዙ።

የመጨረሻው የራሴ ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ቤተሰብ ከባርሴሎና ተነስቶ፣ ሰሜን አፍሪካ ቱኒዝ ደርሶ፣ ማርሴይ የሚመለስ ጉዞ ያዝኩ። ሁሉም የሼንገን ቪዛ ነበራቸው፣ ስፔንና ፈረንሳይን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጡት፤ መርከቡ ቱኒዝ ሲደርስ ግን ከሼንገን ወጣ ማለት ነው፣ ለመመለስ ደግሞ መልቲፕል፣ ማለትም ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል። የእነሱ ቪዛ፣ የመግቢያ ብዛት በሚለው ቦታ፣ «01» ይላል። ቅጂው ጠረጴዛዬ ላይ ወር ሙሉ ተቀምጧል! ገና ሳይሳፈሩ ወደቡ ላይ መለሷቸው። ሻንጣዎቹ ላይ የካቢን ቁጥር እንደተለጠፈ ወደ ሆቴል ሄዱ፤ የሆቴሉን እኔ ከፈልኩ። ዛሬ ሰው ስለ መርከብ ሊያወራኝ ሲመጣ አስቀድሜ ፓስፖርቱን እቀበለዋለሁ።