ያልተፈለፈለውን እንቁላል ሰብራችሁ እዩት፦ የቤት ማስፈልፈያ ችግር የት ነው?

21ኛው ቀን አልፎ እንቁላሎቹ ዝም ሲሉ ብዙ ሰው ሰብስቦ ይጥላቸውና ሙቀቱን በግምት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ እንደገና ይጀምራል። እንዲህ እየተደረገ ሦስት ዙር ቢከሰርም ምክንያቱ አይታወቅም። ይልቅ በ23ኛው ቀን የቀሩትን ወደ ደጅ አውጥታችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ አንድ በአንድ ከሰፊው ጫፍ በኩል ስበሯቸው። ሽሉ በስንት ቀኑ እንደሞተ ካወቃችሁ ጥፋቱን ግማሽ መንገድ ደርሳችሁበታል።

ምንም የደም ሥር የሌለው ጥርት ያለ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ዘር የሌለው ነው። ከሱቅ የተገዛ የፈረንጅ እንቁላል ከሆነ አትድከሙ፤ ለገበያ እንቁላል የሚያመርት እርባታ አውራ አያስገባም። ከራሳችሁ ዶሮዎች ከሆነ ግን ከ8 እስከ 10 ሴት አንድ አውራ መኖሩን እዩ። ፍሪጅ የገባ ወይም ከ7 ቀን በላይ የቆየ እንቁላልም ተስፋው ይቀንሳል።

ቀለበት የመሰለ የደም መስመር ካለ ሽሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞቷል፤ መጀመሪያ ላይ ሙቀቱ አሻቅቦ ወይም እንቁላሉ ብዙ ቆይቶ ይሆናል። በመኪና ተንገጫግጮ የመጣ እንቁላል ከመግባቱ በፊት ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ 12 ሰዓት ያህል ይረፍ። በመካከለኛው ሳምንት የሚሞት ጥቂት ነው፤ ከበዛ ግን እንቁላሎቹን በየጊዜው መገልበጡ ተዘንግቷል፣ የወላጆቹ መኖ ቪታሚን ጎድሎታል፣ ወይም ቆሻሻ እንቁላል ገብቷል። ጭንቅላቱ በሾጣጣው ጫፍ በኩል ሆኖ የሞተ ጫጩት ከበዛ፣ እንቁላሎቹ ሾጣጣው ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው።

ሙቀት

ፋን ያለው ማሽን 37.5 ዲግሪ ይበቃዋል። ፋን የሌለው ሳጥን ላይ ግን ሙቀቱ ከላይና ከታች ስለሚለያይ፣ በእንቁላሉ አናት ከፍታ 38.5 አካባቢ ይለካ። ጫጩቶቹ በ19ኛው ወይም በ20ኛው ቀን ከወጡ፣ አነስ ካሉና እምብርታቸው ካልደረቀ ሙቀቱ በዝቷል። 22 እና 23 ቀን ከፈጁ አንሷል።

በቤት በተሠሩ ሳጥኖች ላይ በብዛት የሚገጠመው ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ደብሊው 1209 የሚባለው ነው። ችግሩ ፒ1 የሚለው ቅንብር ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ 2 ላይ መሆኑ ነው። 37.5 ብትሞሉለትም አምፖሉን መልሶ የሚያበራው ሙቀቱ 35.5 ሲደርስ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያስገባችሁት ቁጥር ትክክል ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ፒ1ን ወደ 0.3 አውርዱት። ከዚያ የቴርሞስታቱን ዳሳሽ፣ ውሃ የማይገባው ዓይነት ከሆነ፣ ከዲጂታል የትኩሳት መለኪያ ጋር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስገብታችሁ አስተያዩ፤ ልዩነቱን ፒ4 በሚለው ቅንብር ታስተካክላላችሁ። በነገራችን ላይ ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ አይሞቅም።

እርጥበት፣ በተለይ ለደገኞች

ሙሉ ሆኖ ቅርፊት ውስጥ የሞተ ጫጩት በብዛት የሚያመላክተው እርጥበትን ነው። ሰውነቱ አብጦ፣ እርጥብ ሆኖ፣ ቅርፊቱ ውስጥ ውሃ ካለ እርጥበት በዝቷል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን እንደ ቆዳ ደርቆ ላባው ላይ ከተጣበቀ አንሷል።

የተለመደው ልክ እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ ከ65 እስከ 70 ነው። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ግን በ10 ነጥብ ሊስት ይችላል። ለመፈተን በጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው በጥቂት ውሃ ለውሱና ከመለኪያው ጋር በተከደነ ዕቃ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት 75 ማሳየት አለበት።

ከዚህም ሁሉ የሚታመነው ሚዛን ነው። እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ 12 በመቶ ያህል ሊቀንስ ይገባል። 10 እንቁላል ሲገባ 600 ግራም ከሆነ በ7ኛው ቀን 572፣ በ18ኛው ቀን 528 አካባቢ ይመዝናል። ከዚህ የበለጠ ከቀለለ ውሃ ጨምሩ፤ ከከበደ ቀንሱ። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው ከእንቁላሉ ቶሎ ይወጣል፤ ከቆላ የመጣ እንቁላል ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ከ55 እስከ 60 ይዞ ጀምሮ በሚዛን ማረም ይሻላል። እርጥበት ለመጨመር የአየር ቀዳዳ መድፈን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ኦክስጅኑ እንደሆነ ድሮም ያነሰ ነው። የሚሠራው የውሃውን ጥልቀት ሳይሆን ስፋቱን መጨመር ነው፦ ሰፊ ሳህን ወይም እርጥብ ስፖንጅ።

መብራት ሲሄድ

ማሽኑን አትክፈቱ፤ የአየር ቀዳዳዎቹ ሳይሸፈኑ በጋቢ ጠቅልሉት። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ እንቁላሎቹን ሳይነካ ዳር ዳሩን አስቀምጡ፤ ሲቀዘቅዝ ቀይሩት። የከሰል ምድጃ ማስጠጋት ግን መርዛማ ጋዙ ጫጩቱንም ባለቤቱንም ይጎዳል። ከ18ኛው ቀን በኋላ ጫጩቶቹ ራሳቸው ሙቀት ስለሚያመነጩ፣ ፋኑ ሲቆም ከብርዱ ይልቅ መታፈኑ ያሰጋል፤ ያኔ ብዙ አትጠቅልሉ። ለጥቂት ሰዓታት ስለቀዘቀዙ ብቻ አትጣሏቸው፤ ከ4 ወይም ከ5 ቀን በኋላ በባትሪ እዩ። የመፈልፈያው ቀን ትንሽ ሊገፋ ይችላል።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት

በ18ኛው ቀን መገልበጥ አቁሙ፣ እርጥበቱን ከፍ አድርጉ፣ ጫጩቶቹ እግራቸው እንዳይንሸራተትና ግራና ቀኝ እንዳይከፈት ሻካራ ጨርቅ አንጥፉ፣ ዝጉ። ከዚያ በኋላ ለማየት ብሎ በየሰዓቱ መክፈት እርጥበቱን አሟጦ ሽፋኑን ያደርቅና ጫጩቱን ውስጡ ያጣብቀዋል።

ጫጩት ቅርፊቱን ከነቆረ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዝም ማለቱ ያለ ነው፤ የደም ሥሮቹን እየዘጋ፣ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ ነው። ያኔ ቅርፊት መላጥ ደም ያፈሳል። 24 ሰዓት ሞልቶ ምንም ካልጨመረና ሽፋኑ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ብቻ፣ ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጥጥ አርሱና ከሰፊው ጫፍ ጥቂት ቅርፊት አንሱ። ደም ካያችሁ አቁማችሁ መልሱት፤ ከሰዓታት በኋላ ትሞክራላችሁ። የወጡት እስኪደርቁ እዚያው ይቆዩ፤ የሳቡት አስኳል አንድ ቀን ሙሉ ያቆያቸዋል።

ዙሩ ሲያልቅ ትሪውን በሳሙና እጠቡ፣ በውሃ በቀጠነ በረኪና አብሱ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ማሽኑን ያለ እንቁላል 24 ሰዓት አስኬዱት። በዚያ ቀን ሙቀቱ ካልተረጋጋ አዲስ እንቁላል አይግባ።