ሐይቅ ሄደን ገመድ ጎትተን መጣን

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ከደሴ ፒያሳ ተነስተን ሐይቅ ሄድን። ሁላችንም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰናል። ውሃው ዳር ገመድ ተጓተትን፣ በጆንያ ዘለልን፣ አሳ ጥብስ በላን፣ ፎቶ ተነሳን። ሪፖርቱ ላይ «የሠራተኞችን የፕሮጀክት አመራር ክህሎት ለማሳደግ የቲም ቢልዲንግ ፕሮግራም ተካሂዷል» ተብሎ ተጻፈ።

ሰኞ ኮምቦልቻ ሳይት ላይ ሲሚንቶ አልደረሰም። ሾፌሩ «ማንም አልደወለልኝም» አለ። ግዥ ክፍል ንብረት ክፍል ይደውላል ብሎ ነበር። ንብረት ክፍል ደግሞ መሐንዲሱ ይደውላል ብሎ። ቅዳሜ አንድ ገመድ የጎተቱ ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

ያን የቡድን ማጠናከሪያ ፕሮግራም ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም አዘጋጅቻለሁ፣ ሰው ባዘጋጀውም ላይ ተገኝቻለሁ። ስህተቶቹ ይደጋገማሉ። አብዛኞቹን ደግሞ ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ጨዋታውን መርጦ ዓላማውን በኋላ መፈለግ

«ገመድ ጉተታ ይኑር፣ ሰው ይወደዋል» ብዬ ነው የጀመርኩት። ያስቃል፣ እውነት ነው። ግን ስለ ፕሮጀክት ምን ያስተምራል? ማክስ ሪንገልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቶ ነበር፤ ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ጎታቹ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት ቀነሰ። አንዱ ምክንያት አለመናበብ ነው፤ ሁሉም እኩል አይስብም። እ.ኤ.አ. በ1974 ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ሰዎችን ዓይናቸውን ሸፍነው፣ ከኋላቸው ሌሎችም የሚጎትቱ አስመስለው፣ ብቻቸውን አስጎተቷቸው። ያኔም ጉልበታቸው ቀነሰ። «ሌላው ይጎትታል» የሚለው ሐሳብ ብቻውን እጅ ያላላል ማለት ነው። የእኛ ሲሚንቶም የቀረው በዚሁ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የጎደለውን ክህሎት ወረቀት ላይ አስፍሩ። የጊዜ ግምት ነው? የሥራ ክፍፍል? ችግርን ቀድሞ ማየት? ከዚያ ጨዋታ ይፈለጋል። አንዳንዴ ጨዋታም አያስፈልግም። አንድ ቀን ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ሁሉም ሰው የምንደርስበትን ሰዓት ጽፎ እንዲሰጠኝ አደረግሁ። መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብዛኛው ሰው አርባ ደቂቃ ጻፈ። አንድ ሰው ጠበቅን፣ ነዳጅ ቀዳን፣ ሐረጎ ላይ ጉም ነበር፣ ከፊታችን የጭነት መኪና ይጎተታል። አንድ ሰዓት ከሃያ ፈጀ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካህነማንና ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 የጻፉት ስህተት ይኸው ነው፤ ያለፈው ሁሉ እንደዘገየ እያወቅን የአሁኑ በሰዓቱ ያልቃል እንላለን። መኪናው ውስጥ የነበረው ሰው ያን መንገድ በየሳምንቱ የሚመላለስበት ነው።

የፈረንጅ ጨዋታ ብቻ ማምጣት

የስፓጌቲውን ግንብ እወደዋለሁ። ለአራት ሰው ሃያ ዘንግ ስፓጌቲ፣ አንድ ሜትር የማይሞላ ፕላስተርና ክር ይሰጣል። በ18 ደቂቃ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚቆም ረጅም ግንብ ይሠራሉ፤ አናቱ ላይ ማርሽማሎው የሚባለው ለስላሳ ከረሜላ ይቀመጣል። የፈጠረው ፒተር ስኪልማን ነው፣ ቶም ዉጄክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በንግግሩ አስተዋወቀው። እኔ ከረሜላውን ደሴ ፈልጌ ስላጣሁ የእንቁላል መጠን ያለው የድፎ ዳቦ ቁራጭ አደረግሁ። ሠራ። አዋቂዎች ሲወያዩ፣ ሲስሉ፣ ሲገነቡ ይቆዩና ዳቦውን በመጨረሻዋ ደቂቃ ይጭኑታል። ግንቡ ይጎብጣል። ዉጄክ እንደሚለው የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ገና ከቢዝነስ ትምህርት ቤት የወጡ ምሩቃንን ይበልጣሉ። ልጆቹ ከመጀመሪያው እየጫኑ ይሞክራሉ፣ ሲወድቅ ያስተካክላሉ።

ግን ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ ዳር ቆመው ያዩ ነበር። ምግብ መጫወቻ ሲሆን ደስ አላላቸውም፤ አልፈርድባቸውም። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሞከርኩ። «ሁለት መቶ ሰው የሚጠራበት ሰርግ» የሚል። አሥራ አምስት ሥራ በአሥራ አምስት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ ድንኳን፣ እንጨት፣ በርበሬ፣ ጥሪ፣ እንጀራ፣ ሥጋ፣ ሙሽራ የሚያመጣ መኪና። ቡድኖቹ በቅደም ተከተል እንዲደረድሩት። መሐንዲሱ ድንኳን አስቀደመ። የጽዳት ሠራተኛዋ «ሊጡ መቼ ሊቦካ ነው?» አለች። ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። እሱ አንድ ቀን ከዘገየ ሌላው ሁሉ ቢያምር ዋጋ የለውም። ሌላ ሰው ደግሞ «ወሎ ውስጥ ነን፣ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ ነው፣ ወጥ ሠሪም ሁለት ነው» ብሎ በጀቱን ከፍ አደረገው።

ዱፖንት የሚባለው የአሜሪካ የኬሚካል ኩባንያ ባለሙያዎች ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ቀመር ካወጡለት ነገር አንዱ ይኸ ነው። ቢዘገይ ሁሉንም የሚያዘገየውን የሥራ ሰንሰለት ለይቶ ማወቅ። ሥልጠና ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስረዱኝ ያልገባኝ በሊጡ ገባኝ።

የራሳችን ቅሬም አለ፣ ሌላው ቦታ እድር የሚባለው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲያርፍ ማን እንደሚናገር፣ ማን መቃብር እንደሚቆፍር፣ ድንኳኑ ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል። ያው ሰው ቢሮ ሲገባ ለምን «እኔን አይመለከተኝም» ይላል? ቡድናችሁን ይህን ጠይቁት። እኛ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራክረንበታል።

ተጫውቶ መበተን

ከሁሉም የሚብሰው ይኸ ይመስለኛል። ጨዋታው ያልቃል፣ ይጨበጨባል፣ ምሳ ይቀርባል። የተማርነው ነገር ግን ያለው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ባለው ወሬ ውስጥ ነው። ሃያ ደቂቃ ከተጫወታችሁ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ አውሩ። «ምን ተማራችሁ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። መልሱ ሁሌም «ኅብረት ኃይል መሆኑን» ነው። ይልቅ፦ ምን አቅዳችሁ ነበር? ዕቅዱ የተበላሸው በስንተኛው ደቂቃ ነው? ያን ጊዜ ማን አውቆ ነበር?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ጉድ ታወጣለች። ከግንቡ በኋላ አንዲት ልጅ እግር የሒሳብ ሠራተኛ «እንደሚወድቅ አይቼ ነበር» አለች። ለምን አልተናገርሽም ተባለች። «ጋሼ እየተናገሩ እንዴት ላቋርጣቸው?» ክፍሉ ጸጥ አለ። ጋሼ ራሳቸው ናቸው ቀድመው የሳቁት። «ልጄ፣ ግንቡ ከሚወድቅ እኔን ብታቋርጪኝ ይሻላል» አሉ። ይሉኝታ ብዙ ፕሮጀክት ያዘገያል፤ የትኛውም የሪስክ (የስጋት) መዝገብ ላይ ግን ተጽፎ አላየሁም።

አለቃውን ቡድን መሪ ማድረግ

አለቃው ከመራ ቡድኑ የሚለማመደው መታዘዝን ነው፣ እሱን ደግሞ ቢሮ ውስጥ በየቀኑ ይለማመደዋል። መሪነቱን ለሌላ ስጡ፣ አለቃውን ሰዓት ያዥ አድርጉት። እሺ ካላለ ስልክ እንዲደወልለት አድርጉ። (አንዴ አድርጌዋለሁ።)

ሃያ ሰው፣ አንድ ቡድን

አምስት ሰው እርስ በርስ ለመነጋገር አሥር መስመር ይበቃዋል። ሃያ ሰው 190 ይፈልጋል። በአራት በአምስት ከፋፍሏቸው፣ አለቀ።

ጠቡን ቶሎ ማብረድ

ቡድኖች ሲጫወቱ ይጨቃጨቃሉ። ያኔ አዘጋጁ ሮጦ «አብሽሩ፣ ጨዋታ እኮ ነው» ይላል። እኔም ብያለሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ብሩስ ታክማን እ.ኤ.አ. በ1965 እንደጻፈው ቡድን ይተዋወቃል፣ ይጋጫል፣ ይግባባል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚሠራው። መሐል ያለውን ከዘለላችሁት ሰዎቹ ጠቡን ለሳይቱ ያቆዩታል፤ እዚያ ደግሞ የሚበላሸው ስፓጌቲ አይደለም። ስድብ ካልሆነ ተዉት። ማን ምን ብሎ እንደተከራከረ ብቻ ያዙ፣ ለውይይቱ ይጠቅማችኋል።

ቀኑንና ምሳውን አለማሰብ

ይኸን ወሎ ውስጥ መሳሳት ያሳፍራል፣ ግን እንሳሳታለን። ረመዳን ላይ የሩጫ ውድድር አይደረግም። ዓርብ ከሆነ ለጁምዓ ሰዓት ይተው፣ የፆም ምግብም ይታሰብ። ሐይቅ ሄደን «አሳ ነው፣ ሁሉም ይበላዋል» ብዬ ነበር፤ አሳ በፆም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ግማሽ ሰዓት በላብን። ጦሳ ተራራ ላይ እንውጣ የሚሉም አሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከኮምቦልቻ ሙቀት በሸሚዝ የመጣ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው እዚያ ዳገት ላይ የሚማረው አዘጋጁን መርገም ነው። ደግሞ «አበል አለው?» ተብላችሁ ስትጠየቁ አትቆጡ። ቅዳሜው የሰውዬው ነው፣ ቀድማችሁ በግልጽ ንገሩት።

ሰኞን መርሳት

የተባለው ነገር ሥራው ላይ አንድ ቦታ ካልገባ በሁለት ሳምንት ይጠፋል። ብዙ አትሞክሩ፣ አንድ ነገር ይበቃል። ከሰርጉ ጨዋታ በኋላ የንብረት ክፍሏ ሴትዮ የዕቃ ማጓጓዣ ቅጻችንን አውጥታ አየችው። «ዕቃው አለ፣ ቀኑ አለ፣ ቦታው አለ። ማን እንደሚደውል የለም» አለች። ሰኞ ጠዋት በማስመሪያና በእስክሪብቶ አንድ ዓምድ ጨመረችበት፦ «የሚደውለው»። ደብዳቤ አልተጻፈም፣ ስብሰባም አልተጠራም።

ባለፈው ሳምንት ቅጹን ሳገላብጥ እዚያ ዓምድ ላይ በብዛት ያገኘሁት የሾፌሩን ስም ነው። ራሱ ነው የሚደውለው።