የሕፃናት ማቆያችሁ ሞግዚቶች እንዲቆዩ ግራንት እንዴት ይጠየቃል?

ሐዋሳ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ የሚያስተዳድር ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ሞግዚት ትቀጥራላችሁ፣ ሥራውን ታሳዩዋታላችሁ፣ ልጆቹ ይለምዷታል። ከዚያ አንድ ቀን ሌላ ሥራ አግኝታ ትሄዳለች።

የሁለት ዓመት ልጅ ይህን አይረዳም። ጠዋት ሲገባ የለመዳትን በዓይኑ ይፈልጋል። ሲያጣት የእናቱን ነጠላ ጨምድዶ ይይዝና አልለቅም ይላል። እናቱ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የምትሠራ ከሆነ ሰርቪሱ አይጠብቃትም።

ብዙ ማቆያዎች ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ፣ የሚሰጥ ለጋሽ ሲያገኙ አልጋ፣ መጫወቻና ቀለም ይጠይቃሉ። እኔ ለሰው፣ ሞግዚቶቹን ለማቆየት ጠይቁ እላለሁ።

1. ለምን እንደሚሄዱ አጣሩ

ያለፉትን 12 ወራት ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) አውጡ። ስንት ቀጠራችሁ? ስንቶቹ ሄዱ? ከዚያ ለሄዱት ደውሉላቸው። አንዷ ደመወዝ ትላለች፣ ሌላዋ የባጃጅ ሒሳብ፣ ሌላዋ ያን ሁሉ ሕፃን ብቻዋን መያዟ። የምትጠይቁት የገንዘብ ዓይነት የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው። ያባረራቸው የሥራ ጫናው ከሆነ ደመወዝ ብትጨምሩም አይቆዩም፤ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሰው ነው።

2. በምን ስም እንደምትጠይቁ ወስኑ

ብዙ ለጋሾች የሚሰጡት ትርፍ ለማይፈልግ፣ ለተመዘገበ ድርጅት ነው። ማቆያችሁ በንግድ ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ የተመዘገበ የአገር ውስጥ ድርጅት አጋር ፈልጉና የየድርሻችሁን በጽሑፍ ተስማሙ። ከሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ።

3. ለጋሹ ለምን እንደሚከፍል ቀድማችሁ እወቁ

ለምሳሌ የጃፓን ኤምባሲ ለማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው ድጋፍ ለግንባታና ለዕቃ እንጂ ለደመወዝ አይሆንም። እንዲህ ያለው ለጋሽ ዕቃውን ይግዛላችሁ፤ ለዕቃ የያዛችሁትን የራሳችሁን ገንዘብ ወደ ሠራተኛ አዙሩት። የካናዳ ኤምባሲም ለአገር ውስጥ ድርጅቶች አነስተኛ ፕሮጀክቶች የሚሆን ፈንድ አለው። ጥሪው ሲወጣ የትኛውን ወጪ እንደሚሸፍን በጥንቃቄ አንብቡ።

ኤምባሲ ብቻ አትጠብቁ። ልጆቻቸው እናንተ ጋ የሚውሉ እናቶች የት ነው የሚሠሩት? ማቆያ ሲዘጋ ፋብሪካውም ሠራተኛ ያጣል። የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 1064 ለሴት ሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ታዘው ነበር። ሁለቱም በራቸው ሊንኳኳ ይገባል።

4. ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ሥሩ

ፕሮፖዛል (ለለጋሹ የሚቀርበው የድጋፍ ጥያቄ ጽሑፍ) የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። 40 ሕፃናትና 6 ሞግዚቶች ያሉት ማቆያ እንውሰድ። ለእያንዳንዷ በወር 1,500 ብር ልትጨምሩ አሰባችሁ እንበል። ለስድስቱ 9,000 ብር ይሆናል። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የአሠሪው ድርሻ 11 በመቶ ስለሆነ 990 ብር ይታከልበታል። በወር 9,990፣ በዓመት 119,880 ብር ማለት ነው። ጡረታውን ረስቶ በኋላ ከኪሱ የሚያወጣ ብዙ ነው።

ግራንቱ ሲያልቅስ? 9,990 ብሩን ለ40 ልጆች ስታካፍሉት በየልጁ ክፍያ ላይ በወር 250 ብር ገደማ ይጨምራል። ወላጆች ይህን ይችላሉ? ካልቻሉ ጭማሪው በዓመቱ ሊቆም ነው። የሰጡትን ደመወዝ መልሶ መቀነስ ደግሞ መጀመሪያውኑ ካለመጨመር ይብሳል።

ሌላው መንገድ የቆይታ ቦነስ ነው። በየአራት ወሩ 2,000 ብር ለቆየች ሞግዚት ብትከፍሉ፣ በዓመት ለስድስቱ 36,000 ብር ይሆናል፤ በየልጁ በወር 75 ብር። ይህ መንገድ ተሞክሮ ውጤት አሳይቷል። አሜሪካ ውስጥ በቨርጂኒያ ግዛት በ2019 እ.ኤ.አ. በስምንት ወር ውስጥ እስከ 1,500 ዶላር የሚደርስ ክፍያ ዕጣ ለወጣላቸው የሕፃናት መምህራን ተሰጠ። በሕፃናት ማቆያዎች ውስጥ ክፍያው ካልደረሳቸው 30 በመቶው ሥራ ሲለቁ፣ ከደረሳቸው የለቀቁት 15 በመቶ ነበሩ። ቦነሱ ግብር የሚቆረጥበት ስለሆነ እጃቸው ላይ የሚገባውን ለሞግዚቶቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ወሊድንም በጀት ውስጥ አስገቡ። ሞግዚቶቻችሁ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይገባቸዋል። በዚያ ጊዜ ልጆቹን የምትይዝ ተተኪ ያስፈልጋል፣ እሷም ደመወዝ አላት።

ድርጅታችሁ በሲቪል ማኅበረሰብነት የተመዘገበ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። በአዋጅ 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሕፃን የምትይዝ ሞግዚት ደመወዝ ግን ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የተያያዘ ወጪ ነው። ከጸሐፊና ከገንዘብ ያዥ ደመወዝ ጋር አትቀላቅሉት።

5. አጭር አድርጋችሁ ጻፉ

"የሕፃናት እንክብካቤ ለአገር ዕድገት ወሳኝ ነው" ብላችሁ አትጀምሩ። ለጋሹ ይህን መቶ ጊዜ አንብቦታል። ከፔይሮሉ ባገኛችሁት ቁጥር ጀምሩ፤ ስንት ተቀጠሩ፣ ስንት ሄዱ፣ ለምን። ቀጥሎ ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላ ስንቶቹ ቆይተው እንደምታሳዩ ቃል ግቡ። ቃሉ የምትደርሱበት ይሁን።

6. ቀጥሩ፣ በጽሑፍ ተስማሙ

የጤና ምርመራ፣ የፖሊስ አሻራና ዋስ አይታለፉም፤ አደራ የሚሰጣችሁ ሕፃን ነው። የሙከራ ጊዜው በሕጉ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። የቦነሱ ቆጠራ ከዚያ በኋላ ቢጀምር ጥሩ ነው። መቼ እንደሚከፈልና ምን ቢሆን እንደሚቀር ውሉ ላይ ይጻፍ። ነባሮቹን ግን አትርሱ። አዲሷ ቦነስ ስታገኝ አምስት ዓመት የሠራችው ሞግዚት ካላገኘች፣ ቀድማችሁ የምታጡት እሷን ነው።

7. ገንዘቡን በባንክ ክፈሉ

ለግራንቱ ብቻ የሚሆን ሒሳብ ክፈቱ። ደመወዝና ቦነስ በእያንዳንዷ ስም ይግባ። የፔይሮል ፊርማ፣ የባንክ ማስረጃና የጡረታ ደረሰኝ በየወሩ አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጡ። የመጨረሻው ክፍያ ከመግባቱ ስድስት ወር አስቀድማችሁ ወላጆችን ሰብስቡ። 75 ብሩን ወይም 250 ብሩን ከነስሌቱ ወረቀት ላይ አሳዩዋቸው፤ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሚጨመር አብራችሁ ወስኑ።